አሥር ሺህ ሴቶች በአጭር ሞገድ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

መብረቁ የስልኩን ማማ ከመታው ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ትራንስፎርመሩም አብሮ ነዷል። ከተማችን መካነ ሰላም ያለ ስልክ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ቴሌቪዥን ተቀምጣለች። ሩቅ ያለ ዘመዱን ማናገር የፈለገ ደሴ ድረስ መሄድ አለበት፤ መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ነገሩን በሥርዓት የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እንዳልካቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ አንድም ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም። (የ1998ቱ አልጠፋም፤ ያለበት ቦታ ነው ያልታወቀው።)

ዛሬ የባለቤቴ የየትምወርቅ ወንድም ይሄነው ከጂዳ በሰው እጅ የላካት ዕቃ ደረሰች። ኪስ ውስጥ የምትገባ ዲጂታል ሬዲዮ ናት። አጭር ሞገድ ትይዛለች፤ ጣቢያው በቁጥር ይታያል። ካርቶኑ ላይ «ለእህቴ» ተብሎ ተጽፏል። እህቴ ሲል ቤቱን ማለቱ ነው። ቤት ደግሞ ኃላፊ አለው።

የትምወርቅ «እስቲ አሳየኝ» አለች።

«ቁልፏ ብዙ ነው» አልኳት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

መመሪያው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውን በሚገባ ተረድቼዋለሁ፤ ሥዕሎቹ ግልጽ ናቸው።

ቤት ውስጥ ሹሹሹ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ይከለክላታል። ደጅ ይዣት ወጣሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰው ሰማሁ! ቋንቋው አልታወቀም። ሩቅ መሆኑ ግን ያስታውቃል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ከቤታችን ኋላ ካለው ባሕር ዛፍ እስከ በረንዳው የመዳብ ሽቦ ወጠርን። ሽቦው ከፍ ባለ ቁጥር ሩቅ አገር ይያዛል። የትምወርቅ ዛፉ ላይ ወጣች፤ እኔ ከታች ሆኜ አመራር ሰጠሁ። ሽቦውን አንቴናዋ ላይ ስንጠመጥመው ዓለም ግር ብሎ ገባ። ቻይና። ቱርክ ሳይሆን የማይቀር። አንድ ዝም ብሎ የሚዘፍን አገር። ዓረቦች በብዛት።

የትምወርቅ ከመጋባታችን በፊት ጂዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች፤ የኩሽና ዓረብኛ አታጣም። አንዱን ጣቢያ ሰማች ሰማችና «ይኼ ስለ አየር ጠባይ ነው የሚያወራው» አለችኝ። ኩሽና ውስጥ ስለ አየር ጠባይ ማን ያወራል? የሰውዬው ድምፅ ኮስታራ ነው። «ጦርነት» ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ከሥራ ስወጣ ፋሩቅ ሻይ ቤት ጎራ አልኩ። ፋሩቅ የግድግዳ ጎረቤታችን ነው፤ ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳል፤ ምላሱ ግን አያንስም።

«ጋሼ እንዳልካቸው፣ ዓለም እንዴት አደረች?» አለኝ።

ነገርኩት። አጠገቤ ያሉት ሦስት ሰዎች ወንበራቸውን አስጠጉ። ከዚያ አምስት ሆኑ። አንዱ የዓረቦቹ ጣቢያ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ሰውዬው ዜናውን ሲጀምር «ሰላም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የሰላም ስምምነት ሳይፈራረሙ አይቀሩም አልኩ። እፎይ አሉ።

ፋሩቅ ፊቱን ወደ ማንቆርቆሪያው አዙሮ ብዙ አሳለው። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። «ማሻአላህ! ዓረብኛውን የት ተማሩት ጋሼ?» አለኝ ሲሻለው። ከጎረቤት አልኩት። ዝንጅብል ጠጣበት ብዬ መከርኩት።

ሻይ ቤቱ ዛሬ መቀመጫ አልነበረውም። ፋሩቅ ነገም እንድመጣ አጥብቆ ለመነኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 24

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ቢያድግልኝ በሰኞው ስብሰባ ላይ «ዓለም አቀፍ ሁኔታ» የሚል አጀንዳ ቁጥር አራት አስገቡ። አቅራቢ፣ እኔ። ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ እኔ። ስለዚህ ንግግሬ በቃለ ጉባኤው ውስጥ «በሰፊውና በጥልቀት» ተብሎ ተይዟል።

አንዲት የሒሳብ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «ትራንስፎርመሩ መቼ ይመጣል? ሬዲዮው ምን ይላል?» አለች። ቻይናም ቱርክም ስለኛ ትራንስፎርመር ትንፍሽ አላሉም። «በሂደት ላይ ነው» አልኩ። አጨበጨቡ።

ዓርብ፣ ሰኔ 28

አንድ እንግዳ ነገር። ማታ 9 ሺህ ላይ ያሳደርኳት ሬዲዮ ከሥራ ስመለስ 11 ሺህ ላይ ትገኛለች። የባትሪ ድንጋዩም ያለ ቀኑ ያልቃል። ዲጂታል ስለሆነች በራሷ ጣቢያ የምትፈልግ ይመስለኛል። ለየትምወርቅ ነገርኳት።

«ብልህ ናት» አለች።

ደግሞ ዛሬ ምሳ ላይ ሳልጠይቃት «ጂዳ አርባ ስድስት ዲግሪ ገብቷል፤ ይሄነው እንዴት ይሆን» አለች። ከየት ሰማሽ ብላት ሳህኑን አንስታ ሄደች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

ፋሩቅ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተክሏል። የሰሌዳውን ኃይል ወደ መብራት የሚቀይርለት ኢንቨርተር የሚሉት ሳጥን አለ። እሱ በበራ ቁጥር ሬዲዮዬ ውስጥ ንብ ይገባል። ዝዝዝዝ። ዓለም በሙሉ ቀፎ ይሆናል። ደብዳቤ ጻፍኩለት። «ጉዳዩ፦ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 1፡30 ኢንቨርተር ስለማጥፋት።» ሁለት ቅጂ፤ አንዱ ለፋይል።

በደብዳቤዬ ጀርባ ላይ መልስ ላከ፤ «አብሽሩ ጋሼ። ጨለማ ውስጥም ሻይ ይጠጣል።»

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

እትዬ አሚራ ዛሬም ከአጥሩ ማዶ ጠየቁኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ሀያት ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ከኢድ ወዲህ ስልኳ አይነሳም። ማማው ከመመታቱ በፊትም አይነሳም ነበር።

«እንዳልኬ፣ ስለ ልጆቹ ምን አለ?»

«ዛሬ አልተጠቀሱም እትዬ።»

«ነገ ይጠቅሷቸው ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።»

እንዲህ ብለው አመስግነውኝ ይገባሉ። በየቀኑ። ምንም ሳልሰጣቸው ያመሰግኑኛል። ከቻይና ጀምሮ እስከማላውቀው አገር ድረስ የሚይዝ ዕቃ በእጄ ይዤ አንዲት ሴት የምትጠይቀኝን አንድ ነገር ማጣቴ ደስ አይልም። ይህንን ለሻይ ቤቱ አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሻይ ቤት ያሉት ወጣቶች በየቀኑ «የሩጫው ውድድር ምን ደረሰ?» እያሉ ያደርቁኛል። ስፖርት ሲጀምር እዘጋለሁ። ድንጋይ ያባክናል፤ ለፋይልም አይመችም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 3

ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የእንግሊዝኛ ጣቢያ፣ ጥርት ያለ። ያለ ጥርጥር የያዝኳቸው ቃላት፦ «ኢትዮጵያ»። «ሴቶች»። «አሥር ሺህ»። እዚህ ላይ ፋሩቅ ኢንቨርተሩን ለኮሰው፣ ንብ ገባ። ሮጬ ግድግዳውን ደበደብኩ። ስመለስ «የመጨረሻ» እና «ዛሬ» አለና አለቀ።

አሥር ሺህ ኢትዮጵያውያን ሴቶች። የመጨረሻ። ዛሬ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4

ሻይ ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ተናገርኩ። እንዲህ ነበር የጀመርኩት፤ «ውጭ አገር ስላሉ ሴቶቻችን አንድ ነገር ተሰምቷል።» በቃ። ከዚህ በላይ ልል አላሰብኩም ነበር። ሰው ግን ይጠይቃል።

«ስንት ናቸው?» «አሥር ሺህ።» ይኼ እውነት ነው።

«ሊመልሷቸው ነው?» «እንግዲህ የመጨረሻ ብሏል።» ይኼም እውነት ነው።

ለእትዬ አሚራ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ነጠላቸውን እንኳ በወጉ ሳይለብሱ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«በአውሮፕላን ነው የሚመጡት፣ እንዳልኬ?»

«ሌላ በምን ይመጣሉ እትዬ።»

«ሀያትም አለችበት?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ዐይናቸውን ሳየው አቃተኝ። «አሥር ሺህ ውስጥ አትጠፋም» አልኩ።

እጄን ሳሙኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ እጄን ሳሙኝ። ፋሩቅ ዛሬ አላሳለውም። ብርጭቆ እያጠበ ያየኝ ነበር።

ማታ የትምወርቅ «በየትኛው ጣቢያ ነው የሰማኸው?» አለችኝ።

«ብነግርሽ ጣቢያ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» ብላ ተኛች።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ዜናውን ድጋሚ ለመያዝ በየማታው እሞክራለሁ። አይደግሙትም። ይህን የሚያህል ነገር እንዴት አይደግሙትም?

እትዬ አሚራ የሀያትን ክፍል ኖራ ቀብተዋል። በሩን አረንጓዴ ቀለም አስቀብተዋል። ዛሬ ጭኮ ሲያሹ ዋሉ፤ ሀያት የምትወደው እሱን ነው አሉ። ከወግዲ በኩል ሁለት እናቶች በእግራቸው መጥተው ሻይ ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። የልጆቻቸውን ስም በወረቀት አስጽፈው ይዘዋል። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ምን ላደርግበት እንደተቀበልኩት አላውቅም። ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

ሆዴ እህል አልቀበል ብሏል። ፍልሰታ ስለሆነ ለማንም አላስታወቀም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

ጎህ ሲቀድ ስነቃ የትምወርቅ አጠገቤ የለችም። ወጣሁ። ሽቦው ሥር፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ አስደግፋለች። ዓረቡ ይንበለበላል። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አንድ ቦታ ላይ ሳቀች። ዜና የሚያስቅበት ቦታ መኖሩን አላውቅም ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

አልደነገጠችም። «የውጭ አገር ሠራተኞች የስልክ ፕሮግራም ነው። አንዷ ሱዳናዊት አሠሪዋን ስታማ ነው» አለችኝ። ከዚያ ሴትየዋ ያለችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየተከተለች በአማርኛ ነገረችኝ፤ ሳትንተባተብ፣ የሴትየዋን ድምፅ እያስመሰለች።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እንዳልኬ፣ አሥር ሺህ ሜትር ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የሰማኸው። ሩጫ ነው። የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር፣ የመጨረሻው ዙር። በማግስቱ ጠዋት በዓረብኛ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?» አለች። ሬዲዮዋን ዘግታ ደግሞ፣ «እኔም ጥፋት አለብኝ። ባሌን በሰው ፊት አላዋርድም፣ ራሱ ደርሶበት ራሱ ይናገራል ብዬ ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁ። በሩ አረንጓዴ ሲቀባ አያለሁ፤ ይኸው እጠብቃለሁ። አሁን ሂድና ንገራቸው።»

ነገ እነግራቸዋለሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 12

ሰንበት ነው። በሰንበት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 13

ስብሰባ። አጀንዳ ቁጥር አራት። አቶ ቢያድግልኝ «የተመላሾች ጊዜያዊ አቀባበል ኮሚቴ» እንዲቋቋም አዘዙ። ጸሐፊ፣ እኔ። እጄን አወጣሁ፤ ልናገር ነበር። «ድጋፍህን ለመስጠት ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ።

ማታ እትዬ አሚራ አጥሩ ላይ አልነበሩም። ተገላገልኩ አልኩ። እንዲህ ብዬ መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ግን ብያለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ሄደዋል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እህል በጫነ አይሱዙ። ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ኤርፖርት። ብቻቸውን።

ፋሩቅ ነው የነገረኝ። «ጋሼ፣ እኔ ‘ሰላም’ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሻዬ ይሸጥልኛል ብዬ ዝም አልኩ። ወላሂ አሁን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለኝ። ሰውዬው ሳል አልነበረበትም ማለት ነው።

የፈቃድ ፎርም። ምክንያት፦ ሕመም፣ ሐዘን፣ ሠርግ፣ ወሊድ። ለእኔ የሚሆን ሳጥን የለም። ሕመም ላይ ምልክት አደረግሁ።

የትምወርቅ በሶ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀትም። የይሄነው ቁጥር ነው። «ደሴ ስትደርስ መጀመሪያ ለእሱ ደውል። ሀያት ቤት ቀይረውባት ይሆናል። ወደ ዘመዳቸው ቤት ሲያዛውሩሽ ስልክሽን ይወስዳሉ፤ አገር ቤት ያለው ሰው ሞታለች ይላል።»

«ይኼን በምን አወቅሽ?»

«በምን አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ወር» አለችና ሚኒባሱ ጡሩምባ ሲነፋ ገፋ አደረገችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 15፣ አቀስታ

ሚኒባሳችን ሁለት ጊዜ ተገፋ። ጫማዬ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። አቀስታ ስገባ ጉም ነው፤ ሰው በአምስት እርምጃ አይታይም። አይሱዙው ከከተማው መግቢያ ላይ ተቀብሮ አድሮ ተሳፋሪው በየሱቁ በረንዳ ተጠልሏል።

እትዬ አሚራ የጭኮውን ከረጢት ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«እንዳልኬ! አንተም ልትቀበላት መጣህ?»

መንገድ ላይ ብዙ ዓይነት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ።

«እትዬ፣ ሩጫ ነው።»

«የምን ሩጫ?»

«አሥር ሺህ ሜትር። ሴቶቹ እየሮጡ ነበር። ሬዲዮው የተናገረው ስለሱ ነው። ሜትር ያለውን ሳልሰማ ቀረሁ።»

አንድ አህያ የጫነ ሰው በፊታችን አለፈ። ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ በዐይናቸው ተከተሉት።

«ስለዚህ አውሮፕላን የለም።»

«የለም።»

«ሀያት አለችበት ያልከኝስ?»

«እሱን ሬዲዮው አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ፈቱት፣ ጠቅልለው ፈቱት።

«መቼ አወቅህ?» አሉኝ።

«ቅዳሜ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«ነው።»

ከዚያ ተነሡ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ግድግዳውን ይዘው ነው የተነሡት። «ስማ። አንተ ባትዋሸኝ ኖሮ እኔ ከቤቴ አልወጣም ነበር። እየፈራሁ፣ ሞታለች የሚለኝ ሰው እንዳላገኝ አጥር ላይ ቆሜ አንተን ስጠይቅ እኖር ነበር። አሁን ወጥቻለሁ። ደሴ ስልክ አለ አይደል?»

«አለ።»

«ከረጢቱን ተሸከም።»

ዓርብ፣ ነሐሴ 17፣ ደሴ

መናኸሪያው አጠገብ አንድ ማደሪያ ይዘናል፤ ለእሳቸው አንድ ክፍል፣ ለእኔ ከሁለት ሾፌሮች ጋር። ስልኬ ደሴ ስትገባ ሰባ ሦስት መልእክት በአንድ ጊዜ ገባላት። አንዱም ከቻይና አይደለም።

የሀያት ስልክ ዝግ ነው። ሃያ ጊዜ ደወልን። ከዚያ የትምወርቅ የሰጠችኝን ወረቀት አስታወስኩ። (መጀመሪያ ደውል ብላኝ ነበር። ለምን ሁለተኛ እንዳደረግሁት አላውቅም።) ይሄነው ሁሉን ሰምቶ «ሪያድ የሚያውቁ ልጆች አሉ፤ ጊዜ ስጡኝ» አለ። ሊዘጋ ሲል «እህቴ ሬዲዮዋን ወደደቻት?» አለኝ።

«በጣም» አልኩት።

እሑድ፣ ነሐሴ 19፣ ደሴ

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። አነሣሁት።

«እማዬ የለችም?»

ስልኩን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ ያደረጉት ገልብጠው ነው፤ አስተካከልኩላቸው። የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «በሩን አረንጓዴ አስቀባሁልሽ» የሚል ነበር። ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

የትምወርቅ እንዳለችው ነው። አሠሪዋ ጠይፍ የሚባል ከተማ ወዳለው የእህቷ ቤት አዛወረቻት፤ ስልኳን ወሰዱ፤ በር ይቆለፋል። ከወር በፊት ወጥታለች። አሁን ከአገር ልጆች ጋር ናት፣ ሌላ ሥራ ጀምራለች፣ ከስታለች። ወደ እናቷ ስልክ በየቀኑ ደውላ አይገባላትም። እሷም እናቴ ሞታለች ብላ ስታለቅስ ከርማለች። ትመጣለች፤ ግን አሁን አይደለም። ለአረፋ፣ ኢንሻአላህ።

እትዬ አሚራ ስልኩን መልሰውልኝ «ሐምዱሊላህ» አሉ። ከረጢቱን ፈትተው ጭኮውን ለማደሪያው ሰው ሁሉ አደሉ። ለሾፌሮቹ፣ ለጠራጊዋ። ለእኔም ሰጡኝ፤ በቅቤ ነው የታሸው፣ ፍልሰታ መፈታቱን ያውቃሉ። «ጾሙ ወጥቷል፣ ብላ» አሉኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 25

ሐሙስ ተመለስን። ወሬው ቀድሞን ገብቷል፤ በምን እንደገባ እግዜር ይወቅ። ዛሬ ሻይ ቤት ስገባ ሰው ተነሥቶ ተቀበለኝ። አቶ ቢያድግልኝ ሳይቀሩ አሉ።

«እንዳልካቸው ያለው አልቀረም!» አለ አንዱ። «ልጅቱ ተገኘች!» አቶ ቢያድግልኝ ከመሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት እንደሚዘጋጅልኝ ተናገሩ። ወረቀቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ቃላቱ ወዲያው መጡልኝ፣ «ላሳዩት ከፍተኛ...»። ስለዚህ አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

እትዬ አሚራ ስኳር ሊገዙ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። የገዙትን ስኳር ይዘው ቆመው ያያሉ። ከወግዲ ከመጡት እናቶች አንዷም ከኋላቸው አለች።

«ሩጫ ነበር» አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ። አሥር ሺህ ሜትር። «ሰላም» ማለት ሰላምታ መሆኑን። ኮስታራው ሰውዬ ስለ ዝናብ ሲያወራ ጦርነት ብዬ እንደመዘገብኩት። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ አውቄ ዝም ማለቴን። ለወግዲዋ እናት ከፋይሉ ወስጄ በኪሴ የያዝኩትን ወረቀታቸውን አውጥቼ መለስኩላቸው፤ ስለ ልጃቸው አንድም ቃል ሰምቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ሴትየዋ ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ያ ከሁሉ ይከብድ ነበር።

ፋሩቅ ኢንቨርተሩን እንኳ አላበራም። ከዚያ ከጥግ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» አሉ።

አላውቅም ነበር። «የትምወርቅን ጠይቋት» አልኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 30

ጠየቋት። መጀመሪያ ሽማግሌው መጡ፣ ከዚያ ሴቶቹ። አሁን በየማለዳው በረንዳችን ላይ ስምንት፣ ዘጠኝ ሴት ይቀመጣል። የትምወርቅ ትሰማለች፣ ትናገራለች። ያልገባትን «ይኼን አልሰማሁትም» ትላለች። እንዲህ ብሎ ነገር መኖሩን እኔ አላውቅም ነበር፤ ሰዎቹም ምንም አይሏትም። የወግዲዋን እናት ወረቀት በእጇ ገልብጣ ደሴ ለሚሄድ ሰው ሰጥታ በስልክ ለይሄነው አስነበበች። ከዚያ ወዲህ የተሰማ ነገር የለም። የለም ብላ በየቀኑ ትነግራቸዋለች።

እኔ ሽቦ እይዛለሁ። ንፋስ ሲመጣ ከባሕር ዛፉ ይላቀቃል።

ከአጀንዳ ቁጥር አራት ወርጃለሁ። ኮሚቴው አልፈረሰም፤ አቶ ቢያድግልኝ «ተቋቁሟልና ይቆይ» ብለዋል።

ዓርብ፣ መስከረም 3

በዓሉ ዕለት ትራንስፎርመሩ መጣ። መብራት አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፤ በየቤቱ ቻርጀር ተሰክቶ ሬዲዮዋ ውስጥ ንብ ብቻ ነው። ሴቶቹ ከእንግዲህ አይመጡም ብዬ ነበር። ዛሬም መጡ።

ከሥራ ስመለስ ይዘንባል። ሽቦው ወድቆ ስለነበር ከመግባቴ በፊት አነሣለሁ ብዬ በቤቱ ጎን ዞርኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። ውስጥ እትዬ አሚራ ስለ ሀያት፣ ስለ ጠይፉ ቤት፣ ስለሚቆለፈው በር ያወራሉ። ከዚያ የየትምወርቅ ድምፅ መጣ። ቀስ ብላ ነው የምታወራው።

ጂዳ በገባች በሁለተኛ ዓመቷ ነው አለች። ወደ እመቤቲቱ እናት ቤት ወስደዋት ዘጠኝ ወር ከአጥር አልወጣችም። ስልክ የለም፣ ደብዳቤ የለም። አሮጊቷ ዐይነ ስውር ነበረች፤ ኩሽናው ውስጥ ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ይከፈትላታል። ሌላ የሚያናግራት ሰው ስለሌለ የትምወርቅ ሬዲዮውን እየተከተለች ቃል በቃል ትደግም ነበር። ዜናውን፣ የአየር ጠባዩን፣ የስንዴ ዋጋውን። አሮጊቷ መጀመሪያ ሳቀችባት፣ በኋላ ታርማት ጀመር። የትምወርቅ ከዚያ ቤት ስትወጣ የራሷ እናት ሞታ አርባዋ አልፏል። ያንን የሰማችው በስልክ ነው። «ለማንም አልተናገርኩትም» አለች። «ማን ጠይቆኝ።»

የተጋባን አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። እናቷ የሞተችው እሷ ጂዳ ሳለች መሆኑን አውቅ ነበር። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።

ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። ዝናቡ በአንገቴ ይገባል። ስለ ሌላ ቤት ማውራት ጀመረች፤ ስለ ሁለት መንታ ሕፃናት፤ ሴቶቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። እዚያ ቆሜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ መስኮቱ ላይ መጥታ አየችኝ።

«እዚያ ምን ትሠራለህ? ሬዲዮዋ እኮ ከጠፋች ቆየች» አለች።

«እየሰማሁ ነው» አልኳት። «መንታዎቹ ምን ሆኑ?»

ከመስኮቱ ዞር አለች። ከዚያ በሩን ከፈተችና፣

«ግባ፣ በስብሰሃል። ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ» አለች።